ቀዩ ሪባን ያረፈበት ገጽ

ጠመኔ ቢሏት አትቀየምም። ስሙን ያወጡላት ድሮ ያስተማረቻቸው ልጆች ናቸው፤ ዛሬ እነሱም ወልደው ልጆቻቸውን ወደዚያው ትምህርት ቤት ያመጣሉ። በር ላይ ሲያገኟት «እትዬ ጠመኔ፣ እንዴት ነዎት?» ይሏታል። እሷም የቀሚሷን እጅጌ እያራገፈች «እንደምታዩኝ፣ እንደ ነጣሁ አለሁ» ትላለች። ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል። እሷ ግን ገና አልጠገበችውም።

ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ጠዋት በጸሎት ይከፈታል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ወላጆች በጸሎት አዳራሹ ይሰበሰቡና አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ በርጩማ ላይ ቆሞ ከትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብላቸዋል። ልማዱን የጀመረችው ጠመኔ ናት። ልጁን የምትመርጠው እሷ፣ ገጹን ከፍታ ቀዩን ሪባን የምታስቀምጠውም እሷ ናት። እናቶች «ይቺ ጭብጦ የምታክል ልጅ እንዲህ ታንበልብለው?» እያሉ ሲደነቁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ያኔ የዓመቱ ድካም ከትከሻዋ ላይ ውልቅ ይላል። ሌላ ሹመት አልፈለገችም፣ የሰጣትም የለም።

አስተማሪነቷ እንዲህ ነው። የፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በእጇ የተሰበረ የመጋረጃ ዘንግ ይዛለች። «ከኔ በኋላ» ስትል ክፍሉ አንድ ላይ ይጮኻል። የተንተባተበ ይደግማል። ጣቱን ፊደሉ ሥር ያስጠጋ «ዓይን እንጂ ጣት አያነብም» ይባልና እጁን ወደ ኪሱ ይከታል። «ማንበብ ማለት ሳይቆሙ መሄድ ነው» ትላቸዋለች ደጋግማ። ልጆቹም ሳይቆሙ ይሄዳሉ፤ የት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው ግን የለም።

ነገር የመጣው አዲሷ መምህርት ስትመጣ ነው። ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ስትስቅ ድዷ የሚታይ፣ ትልቅ ሸራ ቦርሳ በትከሻዋ የማይለያት ልጅ ናት። ከጠመኔ ክፍል በስስ ጣውላ ብቻ የተለየውን አንደኛ «ለ»ን ሰጧት። በመጀመሪያው የመምህራን ስብሰባ ተነሥታ «እኔ ንባብን በጭብጥ ነው የማስተምረው። የዚህ ወር ጭብጣችን ቤት ነው። የምናነባቸው ታሪኮች ሁሉ ስለ ቤት ይሆናሉ» አለች። ጠመኔ አጠገቧ ወደ ተቀመጠው የሒሳብ መምህር ዘንበል ብላ «በወሩ መጨረሻ ኪራይ ይከፍላሉ?» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷን በስሟ ጠርታት አታውቅም። ጭብጥ ናት።

ጭብጥ ክፍሏን በካርቶን ሞላችው። እያንዳንዱ ልጅ ከጫማ ካርቶን ቤት ሠራ፤ በሩ ላይ «በር»፣ ጣራው ላይ «ጣራ» ብሎ ጻፈ። ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር ቀንድ አውጣ አነበቡ። ስለ ወፍ ጎጆ አነበቡ። ጉንዳን ጓዳ እንዳለው ያወቁትም ያኔ ነው። በመጨረሻ በዓለትና በአሸዋ ላይ ቤት የሠሩት የሁለቱ ሰዎች የወንጌል ታሪክ መጣ፤ ያን ቀን ጭብጥ በአንድ ሳፋ ድንጋይ፣ በሌላው አሸዋ አድርጋ፣ በሁለቱም ላይ የጭቃ ቤት አስቀምጣ በማሰሮ ውሃ ለቀቀችበት። የአሸዋው ቤት ሲናድ የልጆቹ ጩኸት ጣውላውን አልፎ ጠመኔን ዘንጓን እንዳነሣች አስቀራት።

«ትምህርት ቤት ነው ወይስ ግንበኛ ቤት?» አለች ለራሷ።

ከፊት ወንበር አንዷ ተማሪዋ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛስ መቼ ነው ቤት የምንሠራው?»

«ፊደሉን ስትጨርሱ።»

ልጅቷ ገበታውን ከላይ እስከ ታች አየችና «ፊደሉ እኮ ብዙ ነው» አለች በሐዘን። ጠመኔ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቀች ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው የሚጣ ነገር ነው። ሚጣ የልጇ ልጅ ናት፤ እናቷ ነርስ ስለሆነች ተረኛ በሆነች ቁጥር ሚጣ የምትበላውም የምትተኛውም አያቷ ዘንድ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች፣ የደረሳትም «ለ» ነው። ማንም መምህር የሥጋ ዘመዱን አያስተምርም የሚል ደንብ አለ። ደንቡን ያወጣችው ደግሞ ማን ሆነችና? አንድ መምህር ለልጁ ያደላል ብላ በስብሰባ ጠረጴዛ እየደበደበች ያስወሰነችው ራሷ ጠመኔ ናት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ «ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር እንዲህ አደረገች» ሆነ። ቲቸር ፀጉሯን በጎን ነው የምታስረው፣ እኔንም በጎን እሰሪኝ። ቲቸር ውሃ ከመጠጣቷ በፊት ብርጭቆውን እንዲህ ከፍ አድርጋ ታየዋለች።

«እኔም እኮ ቲቸር ነኝ» አለቻት ጠመኔ አንድ ቀን፣ ማበጠሪያውን እንደያዘች።

ሚጣ ዘወር ብላ አየቻት። ነገሩን ማስረዳት ያለባት መስሏት በትዕግሥት «አንቺማ እምዬ ነሽ» አለቻት።

ልጅ በፍቅር የተናገረው ቃል ነበር። ጠመኔ ግን ቀናች፤ ሌላ ስም የለውም። በሃያ ምናምን ዓመት ልጅ፣ በድዷ፣ በሸራ ቦርሳዋ ቀናች። እሑድ በጸሎት መሃል እንኳ ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት የካርቶን ቤት ነው። «አቤቱ ይቅር በለኝ» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «ግን እውነት ለመናገር ክፍሏ ቆሻሻ ነው» ትላለች። ፈጣሪም የትኛውን እንደሚሰማ ተቸግሮ መሆን አለበት።

ይባስ ብሎ ምሳው ቀረ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሚጣ በምሳ ሰዓት ሳህኗን ይዛ ወደ አያቷ ክፍል ትመጣ ነበር፤ ሁለቱ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ይበላሉ። ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ አንድ ቀን ቀረች፣ ሌላም ቀን ቀረች፣ ከዚያ ጭራሽ ተወችው።

«የት ነው የምትበዪው?»

«ከቲቸር ጋር።»

«ምን ትሠራላችሁ?»

ሚጣ ምግቧን አላመጠች። «እንጫወታለን» አለች፤ ፊቷን ወደ ሳህኑ አቀርቅራ።

ጠመኔ ከዚያ ወዲያ ምሳዋን ብቻዋን በላች። ጣውላው ላይ ጆሮዋን አልለጠፈችም ብል ዋሸሁ። የሰማችው ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ሹክሹክታ ደግሞ ለቀናተኛ ከጩኸት ይብሳል።

ምሳው ከመቅረቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነውን መናገር ዘንግቻለሁ። ሚጣ የቀንድ አውጣዋን መጽሐፍ ይዛ ቤት መጣችና ለአያቷ ልታነብላት ተቀመጠች። ድምፅዋ የጠራ ነበር፣ አንድም ቦታ አልቆመችም። ጠመኔ እየከፋትም ቢሆን «ጎበዝ» ልትል ስትል፣ ልጅቷ ሁለት ገጽ አብራ ገለበጠች። ገለበጠችና ቀጠለች። ዓይኖቿ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ የወጣበት ሥዕል ላይ ናቸው፤ አፏ ግን ገና ዝናቡን እያዘነበ ነው።

ይህን የሚያይ የንባብ መምህር ብቻ ነው። ልጅቷ አታነብም። በቃሏ ነው የምትለው። ታሪኩን ወዳዋለች፣ ታሪኩን ሸምድዳዋለች፤ ፊደሉ እዚያ መኖሩንም ረስታዋለች።

ጠመኔ ደስ አላት። የገዛ ልጇ ልጅ ማንበብ አለመቻሏ ደስ አላት፤ ልቧ እንደ ኮረዳ ዘለለ። «ይኸው ካርቶኑ! ይኸው ጭብጡ!» አለች በሆዷ። ትንሽ ቆይቶ ያፈረች መሰላት፤ ተነሥታ ለሚጣ ወተት አሞቀችላት። ፊደሉን ላሳያት ብላ ግን አልተቀመጠችም። ለማንም አልተናገረችም። ነገሩን የሆነ ቀን ለዳይሬክተሩ ልታቀርበው በሆዷ አስቀመጠችው።

ያ ቀን ራሱ መጣላት። የዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ ዳይሬክተሩ አስጠሯት። ደግ ሰው ናቸው፤ ሁሉንም ሰው ለማስደሰት ሲሉ ሁሉንም የሚያስቀይሙ ዓይነት ደግ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ንባቡ ከ‹ለ› ክፍል ቢሆንስ ብዬ ነው። ያቺ ልጅ ብዙ ደክማለች። አንባቢዋ ደግሞ ሚጣ ትሁን። የእርስዎም ደም ናት፣ ለሁለታችሁም ክብር ነው። የሚነበበው የሁለቱ ቤት ሠሪዎች ታሪክ ይሆናል። ገጹን እንደ ልማድዎ እርስዎ ይከፍቱልናል።»

«ደስ ይለኛል» አለች ጠመኔ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚባለውን ዳይሬክተሩ አልሰሙም መሰለኝ።

መዝጊያው ጠዋት ከሁሉ ቀድማ አዳራሹ ደረሰች። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ ወለሉ ገና እርጥብ ነው፤ አትሮንሱ ላይ ትልቁ መጽሐፍ ተዘግቶ ተቀምጧል። ከፈተችው። የሁለቱ ቤት ሠሪዎች ገጽ በራሱ ወደ እጇ መጣ፤ ሚጣ ያንን ለሳምንታት ስትወጣ ስትወርድ ብላዋለች፣ በእንቅልፏም ትለዋለች። ጠመኔ ቅጠሎቹን ወደ ኋላ ገለበጠች። እገሌ እገሌን ወለደ እያለ የሚወርደው የስም ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ታሪክ የለበትም፣ ሥዕል የለበትም፣ በግምት የሚያዝ ነገር የለበትም፤ ስም ብቻ ነው፣ አዋቂ የሚያደናቅፍ ስም። ቀዩን ሪባን አሳረፈችበት።

ሚጣን ልታዋርድ አላሰበችም፤ እንደዚያ ብላ ራሷን አሳምናለች። ዳይሬክተሩ ማይክሮፎን ይዘው ከልጅቷ ኋላ ነው የሚቆሙት። ልጅቷ ስም ከተጻፈበት ላይ የአሸዋ ቤት ማውራት ስትጀምር ያዩታል፣ ይገባቸዋል። ሌላ ሰው ሳያውቅ ጭብጥ በጨዋ ደንብ ትጠራና ትጠየቃለች። ነገሩ ሁሉ በሥርዓት ያልቃል ብላ ነው። ቀናተኛ ሰው ሁልጊዜ ሥርዓት ይወዳል።

አዳራሹ ሞላ። ሚጣ በርጩማው ላይ ወጣች፤ ፀጉሯ በጎን ታስሯል። ገጹን አየች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ዝምታው ረዘመ። አንድ አባት ሳለ። ጭብጥ ከተቀመጠችበት ግማሽ ተነሣች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጠመኔም ያን ፊት አይታ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ጠገበች። ከዚያ ሚጣ ቀና አለች። ወደ ቲቸሯ አልነበረም ያየችው፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችውን አያቷን ነው። ትኩር ብላ አየቻት። ጠመኔ ብድግ ብላ ገጹን ልትቀይርላት አሰበች፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣችም።

ሚጣ ጣቷን አነሣችና የመጀመሪያው ፊደል ሥር አስቀመጠች።

አነበበች። ፊደል በፊደል፣ ቆማ፣ ተመልሳ፣ እንደገና ጀምራ። የመጀመሪያው ስም ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። ቀጥሎ «ወ…ለ…ደ» አለች። ሌላ ስም መጣ፣ ታገለችው። እንደገና «ወለ…ደ»። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቃሉን ከሩቅ ለየችውና «ወለደ!» አለች፣ ዘመድ መንገድ ላይ ያገኘች ያህል ድምፅዋ ከፍ ብሎ። ኋላ ወንበር ላይ አንዲት እናት ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ በስሙ ስትዳክር አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ «ወለደ» ላይ ስትደርስ አብሯት ያርፋል። አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አብረዋት ይሉ ነበር። አንቀጹን ጨረሰች። ማንም ሳያዝዛት «አሜን» ብላ ከበርጩማው ዘለለች።

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ጠመኔም አጨበጨበች፤ እጆቿ ብቻቸውን አጨበጨቡ። በዚያች ሰዓት የተሰማት ኩራት አይደለም፣ ውሸት አልናገርም። ይህች ልጅ ማንበብ ትችላለች፤ ያስተማረቻት ግን ሌላ ሴት ናት። ቅናቷ ከጠዋቱ እጥፍ ሆነ።

ዳይሬክተሩ መጥተው እጇን ጨበጡ። «እትዬ፣ ምንባቡን መቀየርዎን ቢነግሩን ምን ነበር? የስም ገጽ! እውነተኛ ፈተና እንዲህ ነው። ልምድ ማለት እኮ ይኸው ነው» አሉና ሄዱ። ጠመኔ ጥፊ የበላች መሰላት።

ጭብጥ ከበስተጀርባ ቆማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «ሚጣ ማንበብ አትችልም ነበር። በቃሏ ነበር የምትለው። የቀንድ አውጣዋን መጽሐፍ ሁለት ገጽ አብራ ገልብጣ ስትቀጥል አየኋት። ደነገጥኩ። ካርቶን ስለጥፍ ፊደሉን ረሳሁት ብዬ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ በምሳ ሰዓት አብረን መቀመጥ ጀመርን። ታሪክ የሌለውን ነበር የማስነብባት፤ የሳሙና ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ያገኘነውን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ጠመኔ። ድምፅዋ የሰለለ ነበር።

«ፈራሁዎት። እርስዎን የማይፈራ ማን አለ?» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ደግሞ ሚጣ ለመነችኝ። ‹ለእምዬ እንዳትነግሪያት፤ ማንበብ እንደማልችል ካወቀች ታዝናለች› አለችኝ።»

ታዝናለች። ጠመኔ ያን ምሽት ያሞቀችው ወተት ትዝ አላት። ሁለት ሴቶች አንዲት ልጅ ሁለት ገጽ ስትገለብጥ አይተዋል። አንዷ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ሌላዋ ምን እንዳደረገች ጠመኔ ታውቃለች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚጣ የአያቷን እጅ ይዛ ነበር። የዳቦ ቤቱን ማዕዘን ከታጠፉ በኋላ ኋላዋን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እምዬ፣ ገጹን ተሳስተሽ ከፍተሽዋል እኮ።»

ጠመኔ የቀሚሷን እጅጌ አራገፈች።

«ቤቱ የለበትም። አየሁት።»

«ታዲያ በቃልሽ አትይውም ነበር? ታውቂው የለ?»

«ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ነበሩ። ገጹን ያዩታል። እምዬ ተሳሳተች ብለው ይስቁብሻል።» ሚጣ ጠጠር በእግሯ ገፋች። «ስለዚህ ያለውን አነበብኩት። መጀመሪያ ፈራሁ። በኋላ ግን ቤት መሰለኝ። አባት፣ ከዚያ ልጁ፣ ከዚያ የልጅ ልጁ። የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው አይደል?»

«ናቸው።»

«ለማንም አልተናገርኩም። ለቲቸርም አልነግራትም። የቤታችን ምስጢር ነው።»

ይኸው፣ ዓመቱን ሙሉ የቀናችበት ነገር በእጇ ገባ። ልጅቷ ከቲቸሯ እሷን መረጠች፤ የመረጠቻት ደግሞ ተንኮሏን ስሕተት መስሏት ነው። ማንበብ ማለት ሳይቆሙ መሄድ ነው ስትል የኖረችው ሴት መንገዱ መሃል ቆመች። «ተሳስቼ አይደለም» ልትል ፈለገች። ድምፅዋ ከጣውላ አልፎ ሦስት ክፍል ይሰማ የነበረች ሴት፣ ያቺን አንዲት ነገር ማውጣት አቃታት። ሚጣ ሽቅብ እያየች ትጠብቃት ነበር፤ ስትንተባተብ አላጣደፈቻትም።

«ትምህርት ሲከፈት» አለች ጠመኔ በመጨረሻ፣ «ሁለተኛ ክፍል ብትገቢም ምሳሽን እዚያው ብዪ። ከቲቸርሽ ጋር።»

«አንቺስ ብቻሽን?»

«እኔም እመጣለሁ። እዚያ የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ካስገባችኝ ነው እንግዲህ።»

ሚጣ አሰበችበት። በጎን የታሰረው ፀጉሯ ተፈትቶ ፊቷ ላይ ወድቋል።

«እጠይቅልሻለሁ» አለች።